የድሮ ጌም ፎንት አማርኛ ላይ ሲደርስ ለምን ይጠፋል?

ቪዲዮ ስታቀናብሩ አጋጥሟችሁ ይሆናል። አፑ ውስጥ ገብታችሁ ያንን የድሮ ጌም የሚመስል፣ ከትንንሽ ካሬ የተሠራ ፎንት ትመርጣላችሁ። ስማችሁን በእንግሊዝኛ ስትጽፉት ያምራል። ቀጥሎ በአማርኛ ትጽፋላችሁ፤ ፎንቱ ብን ብሎ ይጠፋል። ወይ ተራው የስልካችሁ ፊደል ይመጣል፣ ወይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ይደረደራል።

ስልካችሁ አልተበላሸም። ኢንተርኔትም አልተቆራረጠም። የነገሩ ሥር ወደ 50 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስደናል፤ የጌም ማሽኖች አንድን ፊደል በ64 ነጥብ ብቻ መሳል ወደነበረባቸው ጊዜ።

እስቲ ከሥሩ እንየው። እነዚያ ካሬዎች ከየት መጡ? የእኛ ፊደል ለምን አልገባባቸውም? አሁንስ ማስገባት ይቻላል ወይ? (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፒክስል ፎንት ምንድን ነው?

ስክሪን ማለት የትንንሽ የብርሃን ነጥቦች ስብስብ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ፒክስል ትባላለች። ዛሬ በያዝነው ስልክ ላይ ነጥቦቹ በጣም ደቃቅ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። በድሮ ስክሪን ላይ ግን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር።

ፎንት በሁለት መንገድ ይሠራል።

አንደኛው በመስመር ነው። ፊደሉ የሚቀመጠው እንደ ንድፍ ነው፤ ከዚህ ተነስ፣ እዚህ ጋ ታጠፍ፣ እዚያ ጋ ቁም እንደማለት። ብታሳድጉትም ብታሳንሱትም ጠርዙ ለስላሳ ነው። አሁን የምታነቡት ፊደል እንዲህ ነው የተሠራው።

ሁለተኛው በነጥብ ነው። ፊደሉ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ የተሳለ ሥዕል ነው፤ ይቺ ቤት ትጥቆር፣ ያቺ ባዶ ትሁን። ይሄኛው ቢትማፕ ይባላል። ፒክስል ፎንት የምንለውም እሱን ነው።

ቤቱ ጥልፍ የሚጠለፍበት ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ክር እየተቆጠረ በመስቀል ስፌት አበባ ሲጠለፍ፣ ትክክለኛ ክብ መሥራት አይቻልም። ከሩቅ ክብ የሚመስል ደረጃ ነው የሚሠራው። የሸማኔ ጥለትም በክር ቆጠራ የሚወጣ ነው። ፒክስል ፎንት የሚስል ሰውም ያው ቆጣሪ ነው፤ ክሩ ብርሃን ሆነ እንጂ።

አንድ ፊደል በ64 ነጥብ

በ1970ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ የነበሩት ማሽኖች ሜሞሪያቸው ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የሚባለው ኮምፒውተር ስሙን ያገኘው ከነበረው 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ነው። በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ እንኳ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ፊደል በቁጠባ ነበር የሚሳለው። የተለመደው ቤት 8 በ8 ነው፣ ማለትም 64 ነጥብ። አንድ ነጥብ ወይ በርታለች ወይ ጠፍታለች፤ ይሄ አንድ ቢት ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ነው። ስለዚህ የፊደሉ አንድ ረድፍ አንድ ባይት፣ ሙሉው ፊደል ደግሞ 8 ባይት ይፈጃል። 128 ምልክት ብትስሉ ጠቅላላው 1,024 ባይት፣ ማለትም ልክ 1 ኪሎባይት ነው። ማሽኖቹ በአንዴ 8 ቢት የሚያነቡ ስለነበሩ ቁጥሩ ለነሱም ይመቻቸው ነበር።

ፓክማንን ውሰዱ። በ1980 የወጣው ይሄ ጌም ስክሪኑ 224 በ288 ነጥብ ነበር። ያንን ለ8 ስታካፍሉት 28 በ36 ቤት ይሆናል። ግድግዳው፣ ቢጫው ሰውዬ የሚለቅማቸው ፍሬዎች፣ ላይ ያለው ውጤት፣ ሁሉም በነዚያ ቤቶች ውስጥ ነው የተቀመጠው። ፊደሉም እንደ ግድግዳው አንድ ጡብ ነበር።

አሁን ሬትሮ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ያ ወፍራም የጌም ፊደል ታሪኩ የሚታወቅ ነው። ቶሺ ኦማጋሪ የተባለው የፊደል ዲዛይነር በ2019 ባሳተመው የጌም ፊደላት መጽሐፍ ላይ ምንጩን እስከ 1976 ድረስ ተከትሎታል። ኪ ጌምስ የተባለው የአታሪ እህት ኩባንያ ባወጣው ኩዊዝ ሾው የተባለ የጥያቄና መልስ ጌም ላይ የነበረ ፊደል ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ኩባንያዎች፣ የጃፓኖቹን ጨምሮ፣ ያንኑ እያሻሻሉ ተጠቀሙበት። በዚያ ዘመን ፊደል ከባዶ ከመሳል የተሳለውን መውሰድ ይቀል ነበር።

ያ ፊደል ሁለት ብልሃት አለው።

አንደኛ፣ ሥዕሉ 7 በ7 ነው። የቀረችው አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ባዶ ትተዋለች፤ ፊደሎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ።

ሁለተኛ፣ የቆመው መስመር 2 ነጥብ ውፍረት አለው፤ የተኛው ግን 1 ብቻ። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። የድሮው ባለ ቱቦ ስክሪን ሥዕሉን የሚያወጣው ብርሃኑን ከግራ ወደ ቀኝ እየጎተተ ነው። አንዲት ነጥብ ብቻ በርታ ቶሎ ከጠፋች ደብዛዛ ትሆናለች። ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ሲበሩ ግን ጥርት ብለው ይታያሉ። ዛሬ «ስታይል» ብለን የምንወደው ውፍረት ያኔ ጽሑፉ እንዲነበብ የተገኘ መላ ነበር።

ባለ ካሬ ወረቀት የያዘችው ሴት

በ1984 መጀመሪያ አፕል የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ አወጣ። ስክሪኑ 512 በ342 ነጥብ፣ ቀለሙም ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። የስክሪኑን ትንንሽ ሥዕሎችና አብዛኞቹን ፊደሎች የሳለችው ሱዛን ኬር ናት። ሥራውን የጀመረችው በባለ ካሬ ወረቀት ላይ፣ አንዷን ካሬ እንደ አንድ ፒክስል እየቆጠረች ነበር።

የሷ ፊደሎች ሁለት ነገር ቀየሩ። አንደኛ፣ ሁሉም ፊደል እኩል ቤት አይያዝ አለች። በላቲን ፊደል «አይ» ቀጭን ናት፣ «ኤም» ሰፊ ናት፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚበቃውን ስፋት ሰጠቻቸው። ሁለተኛ፣ ቺካጎ በተባለው ፎንቷ ላይ የቆመ፣ የተኛ እና 45 ዲግሪ ያዘነበለ መስመር ብቻ ተጠቀመች። 45 ዲግሪ የሆነ መስመር በካሬ ወረቀት ላይ እኩል ደረጃ ስለሚሠራ አይዥጎረጎርም።

የስማቸው ነገርም ደስ ይላል። ፊደሎቹ መጀመሪያ ፊላደልፊያ ዳር ባሉ የባቡር ጣቢያዎች ስም ነበር የተጠሩት። ስቲቭ ጆብስ ከተማ ከሆነ አይቀር ዓለም የሚያውቀው ከተማ ይሁን ስላለ ቺካጎ፣ ኒው ዮርክ፣ ጄኔቫ፣ ሞናኮ ሆኑ። ቺካጎ ከ17 ዓመት በኋላ እንደገና ብቅ አለ፤ በ2001 የወጣው የመጀመሪያው አይፖድ ስክሪኑ ትንሽ ስለነበር በሱ ነበር የሚጽፈው።

ፊደላቸው የበዛባቸውስ ምን አደረጉ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ላቲን ፊደል ነው። 26 ፊደል፣ ትልቅና ትንሹ ሲደመር 52። 8 በ8 የሆነው ቤት ለነሱ በልክ የተሰፋ ልብስ ነበር።

ጃፓኖች ግን ችግር ነበረባቸው። ካንጂ የሚባሉት ምልክቶቻቸው በ1978 በወጣው የአገሪቱ የኮምፒውተር ስታንዳርድ ውስጥ ብቻ ከ6,000 በላይ ናቸው። በ8 በ8 ብዙዎቹን መሳል ጭራሽ አይቻልም። ስለዚህ ቤቱን አሰፉት፤ 16 በ16 አደረጉት። አንዱ ምልክት 32 ባይት ይፈጃል። ኮምፒውተሮቹ ውስጥም ሥራው ካንጂ መያዝ ብቻ የሆነ ቺፕ ገባ።

ለዚያ የሚሆን ቦታ ያልነበራቸው የቤት ጌሞች ደግሞ ካንጂውን ትተው ካና በሚባሉት ቀለል ያሉ ፊደሎች ጻፉ። እሱም አልበቃ ሲል የባሰ ቆጠቡ። በ1986 የወጣው ድራጎን ኩዌስት ሙሉ ጌሙ 64 ኪሎባይት ነበር። ካታካና ከሚባሉት ፊደሎች 20 ገደማ ብቻ ነው ያስገባው። የጭራቆቹና የአስማቶቹ ስም በነዚያ ፊደሎች መጻፍ የሚችል መሆን ነበረበት። ፊደል ስላነሰ ስም ተቀየረ ማለት ነው።

አንድ ሌላ ዘዴም ነበራቸው። አንዳንድ የጃፓን ፊደሎች ድምፃቸው ሲቀየር ራሳቸው ላይ ሁለት ትንሽ ጭረት ይጨመርባቸዋል። ያንን ጭረት ለብቻው ስለው ከፊደሉ በላይ ባለው ባዶ ረድፍ ላይ ያስቀምጡታል። አንድ ጭረት ለብዙ ፊደል ያገለግላል፤ ቦታ ተረፈ።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። ይቺን ዘዴ ያዟት፤ እኛ ጋ የማትሠራው ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ፊደላችን ካሬው ውስጥ ሲገባ

ከሀ እስከ ፐ 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው። እንደ ሏ፣ ቋ፣ ጧ ያሉት ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ግን ዋናው ችግር ብዛቱ አይደለም። እስቲ አስሉት። 231 ፊደል በ8 በ8 ቢሳል 1,848 ባይት ነው፤ በ16 በ16 ቢሳል 7,392 ባይት። 7 ኪሎባይት ገደማ! ለካንጂ ቺፕ ከሠሩት ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም።

ከባዱ ቅርፁ ነው። የእኛ ፊደል አናባቢውን የሚናገረው በትንሽ ምልክት ነው፤ እግር በማሳጠር፣ ጭረት በመቀጠል፣ ቀለበት በማንጠልጠል። ምልክቱ ትንሽ ነው፣ ትርጉሙ ግን ትልቅ ነው። በላ፣ ቡላ፣ ቢላ፣ ባላ። አንዱ ሰውዬው ምሳውን ጨርሷል፣ አንዱ ከእንሰት የሚገኝ ምግብ ነው፣ አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ ቤት ይደግፋል። ልዩነቱ ያለው የመጀመሪያዋ ፊደል እግር ላይ ነው።

በካሬ ስንስላቸው ይሄን ይመስላሉ።

በ
■■■■■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□

ቡ
■■■■■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■■■
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□

ባ
■■■■■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
□□□□■□□
□□□□■□□
□□□□■□□

ቤ
■■■■■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■□□
■□□□■■■
■□□□■□■
■□□□■■■

በ እና ቡ የሚለዩት በሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ያቺ ጭረት ከደበዘዘች «ቡላ» «በላ» ሆነ ማለት ነው።

ቀለበቷንም እዩ። መሐሏ ባዶ የሆነ ትንሿ ቀለበት 3 በ3 ናት፤ 8 ነጥብ ዙሪያዋን፣ አንዲት ቀዳዳ መሐሏ። ከዚያ በታች ቀለበት የለም። ቀዳዳዋ ከተደፈነች ጥቁር ኮረት ትሆናለች፤ ከሩቅም ከጭረት አትለይም፤ ቤ ከቢ ጋር ይምታታል።

አሁን ደግሞ ያንን ታዋቂ የጌም ፊደል ሕግ እንሞክር፤ የቆመ መስመር 2 ነጥብ ይሁን። «በ» ሁለት እግር ስላላት ትችለዋለች። «ጠ» ግን ሦስት እግር አላት። ሦስት እግር በ2 ነጥብ 6 ነው፤ በመሐላቸው ሁለት ክፍተት ሲጨመር 8። የተሰጠን ቦታ ግን 7 ነው። ጠ ገና ጡም ጤም ሳትሆን ከቤቱ ወጣች።

እግሯን ወደ 1 ነጥብ ብናቀጥነው 5 ትሆናለች። ጤ ለማድረግ ቀለበቷን ስናንጠለጥል ልክ 7 ሆነች፤ ገባች፣ ግን መተንፈሻ የላትም። በላይ በኩልም ችግር አለ። ሐ እና ጠ ሁለቱም ባለ ሦስት እግር ስለሆኑ የሚለዩት በራሳቸው ነው። ሸ እና ኘ ከሰ እና ከነ የሚለዩት ራሳቸው ላይ ባለው መስመር ነው። ቶ ደግሞ ቀለበቷን ራሷ ላይ ነው የተሸከመችው። ከላይም ከታችም ከጎንም ቦታ የሚጠይቅ ፊደል ነው ያለን።

የጃፓኖቹ ዘዴ የማይሠራልን ለዚህ ነው። የነሱ ጭረት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ ለብቻው መነጠል ይቻላል። የእኛ ምልክት ግን ለቤ እግር ላይ፣ ለቶ ራስ ላይ ነው፤ ለባ ጭራሽ የሚጨመር ነገር የለም፣ እግር ይቀነሳል እንጂ። የድሮውን የአማርኛ ታይፕራይተር ጽሑፍ አይታችሁ ከሆነ ምልክቱን ለብቻ መምታት ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ፤ ቅጥያው ከፊደሉ ተላቆ ጎን ላይ ይንሳፈፋል።

በአጭሩ፣ አማርኛ በፒክስል አይጻፍም ማለት አይደለም። 8 በ8 የተለካው ለሌላ ፊደል ነው። ለእኛ የሚሆነው ቤት ሰፋ ያለ ነው፣ እያንዳንዱንም ፊደል ቁጭ ብሎ የሚስል ሰው ይፈልጋል።

ታዲያ ሳጥኑ ከየት ይመጣል?

አሁን መጀመሪያ ወዳነሳነው ጥያቄ እንመለስ።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል። የእኛ ፊደል የገባው በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አማርኛ የሚጽፉ ሶፍትዌሮችን ሠርተዋል። ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይላል።

ፎንት ማለት እንግዲህ የሥዕል መዝገብ ነው፤ ለዚህ ቁጥር ይሄ ሥዕል፣ ለዚያ ያ። የመረጣችሁት ፎንት ውስጥ ለ«ሰ» ቁጥር ሥዕል ከሌለ ስልኩ ከሌላ ፎንት ይበደራል። አንድሮይድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበደረው ኖቶ ከሚባለው የጉግል ፎንት ነው። የሚበደርበት ካጣ ባዶ ሳጥን ያሳያል። ያቺ ሳጥን በፎንት ሠሪዎች ዘንድ ቶፉ ትባላለች፤ ነጭ ካሬ ሆኖ የሚቆረጠውን የአኩሪ አተር ምግብ ስለምትመስል። «ኖቶ» የሚለው ስም የመጣውም «ቶፉ ይቅር» ከሚለው ሐሳብ ነው።

በነፃ ከሚገኙት ፒክስል ፎንቶች በጣም ከሚታወቁት አንዱ ፕሬስ ስታርት 2ፒ ነው። ላቲን አለው። የግሪክ ፊደል አለው። የሩሲያው ሲሪሊክም አለው። የእኛ የለውም። ቪቲ323 እና ሲልክስክሪን የሚባሉትም ላይ የለም። የከለከለ ሰው ኖሮ አይደለም፤ ያ 231 ካሬ አልተሳለላቸውም፣ በቃ።

ጊዜውም አልረዳንም። ፊደላችን የዓለም ቁጥር ሲያገኝ የፒክስል ዘመን ወደ ማለቂያው ነበር። ኖኪያ 3310 የወጣው በ2000 ነው፤ ስክሪኑ 84 በ48 ነጥብ። ከዚያ በኋላ ስክሪኖች እየጠሩ ሄደው ነጥቡ ከዓይን ጠፋ። ሌሎች ፊደሎች በጌም፣ በኮምፒውተር፣ በስልክ ለዓመታት በካሬ ተስለው ነበርና ዛሬ ሬትሮ ሲያምራቸው የሚመዙት አላቸው።

ጭራሽ የለም ወይ?

አለ። ሁለት ቦታ ፈልጉት።

አንደኛው ዩኒፎንት ነው። ሮማን ቺቦራ የተባለ ሰው በ1998 የጀመረው ነፃ ፎንት ሲሆን ግቡ የዩኒኮድን ዋና ክፍል አንድም ሳይቀር በፒክስል መሳል ነው። ቤቶቹ 8 በ16 ወይም 16 በ16 ናቸው። ፊደላችንም ውስጡ አለ። ማይንክራፍት የምትጫወቱ ደግሞ ሳታውቁት አይታችሁት ይሆናል፤ የኮምፒውተሩ ጃቫ ኤዲሽን የራሱ ፎንት ላይ የሌለውን ፊደል ከዩኒፎንት ነው የሚወስደው። እዚያ አማርኛ ስትጽፉ እንግሊዝኛው ወፍራም ሆኖ አማርኛው ቀጭን የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለቱ የተሳሉት በተለያየ ካሬ ላይ ነው። ዩኒፎንት ፊደል ከሚጠፋ ይኑር ተብሎ የተሠራ መጠባበቂያ ነው፤ ለፖስተር ወይም ለጌም ርዕስ ውበት ተብሎ የተሳለ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ፋርማሲ፣ ፀጉር ቤት፣ ሱቅ በር ላይ ከወዲያ ወዲህ የሚሄደውን ቀይ የመብራት ጽሑፍ ታውቁታላችሁ። የተለመደው ሰሌዳ ቁመቱ 16 መብራት፣ ወርዱ 32 መብራት ነው፤ ሲረዝም እየተቀጣጠለ። ያ ንጹህ ፒክስል ፎንት ነው። በሚቀጥለው ስታልፉ ቆም ብላችሁ እዩት። አንዳንዱ ላይ የቤ እና የጤ ቀለበት ተደፍኗል፣ እግሮችም ተጣብቀዋል። ሶፍትዌሩ ተራውን የመስመር ፎንት ወስዶ በግምት ወደ ነጥብ ሲቀይረው የሚመጣው ይሄ ነው። ሰው በእጁ ነጥብ በነጥብ ቢያስተካክለው እዚያው 16 መብራት ውስጥ ጥርት ብሎ ይነበባል።

መሥራት ለሚፈልግ

ዲግሪ አይፈልግም። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ከላይ ካየነው ታሪክ የሚወሰዱ ምክሮች እነሆ፦

1. ቤቱን አስፉ። 8 በ8 ላይ አትታገሉ። ቁመቱ 12 ቢሆን ለራስም ለእግርም ቦታ ይተርፋል፤ 16 ከሆነ ደግሞ ምቹ ነው።

2. ከከባዱ ጀምሩ። ከሀ ሁ ሳይሆን ከጤ፣ ከሜ፣ ከሼ፣ ከኜ፣ ከጯ። እነሱ ከገቡ ሌላው ሁሉ ይገባል።

3. ስፋቱን ለያዩ። ሱዛን ኬር እንዳደረገችው ነ ጠባብ፣ ጠ ሰፊ ይሁን። ሁሉንም እኩል ቤት ውስጥ ካስገባችሁ ወይ ጠ ይታፈናል ወይ ነ ሜዳ ላይ ይቀራል።

4. የቀለበቷን ቀዳዳ ጠብቁ። መሐሏ ቢያንስ አንድ ነጥብ ባዶ ይሁን። ቦታ ካነሰ ሌላ ነገር ቀንሱ፤ ቀዳዳዋን አትድፈኑ።

5. በቃል ፈትኑ። በላ፣ ቡላ፣ ቢላ፣ ባላ ብላችሁ ጻፉና ከሦስት እርምጃ ርቀት ለሌላ ሰው አሳዩ። ካምታታው ወደ ካሬው ተመለሱ።

6. ወደ ፎንት ቀይሩት። ፎንትስትራክት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ካሬ በካሬ እየደረደራችሁ መለማመድ ይቻላል፤ ነፃ ነው። ሙሉ ፎንት ለመሥራት ፎንትፎርጅ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ዋናው ነገር እያንዳንዱን ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ሀ ቁጥሯ 1200 ነው፣ ሌላው ከሷ ቀጥሎ ይሄዳል። የእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥር ላይ ካስቀመጣችሁት ያው የድሮው ዝብርቅርቅ ይመለሳል።

7. ፈቃዱን አስቡበት። ሌሎች አፖችና ጌሞች እንዲወስዱት ከፈለጋችሁ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በሚባለው ነፃ ፈቃድ ልቀቁት። ፕሬስ ስታርት 2ፒ በየቦታው የገባው በዚያ ፈቃድ ስለተለቀቀ ነው።

ለመጠቀም ብቻ ለምትፈልጉም ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ፒክስል ፎንት በተሳለበት ቁጥር ብዜት ነው የሚጠራው። በ8 የተሳለ 16፣ 24፣ 32 ላይ ጥርት ይላል፤ 19 ላይ ጠርዙ ይደበዝዛል። ሁለተኛ፣ የሠራችሁትን ምስል ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ መጀመሪያ የሚበላሸውም የካሬዎቹ ጠርዝ ነው።

ለምን ግድ ይሰጠናል?

«ይሄ ሁሉ ለፎንት ነው?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ለፎንት ነው። ጌም የሚሠራ ልጅ ርዕሱን በአማርኛ ማድረግ እየፈለገ የሚመጥን ፊደል ሲያጣ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ፖስተር የሚሠራውም፣ የቲሸርት ጽሑፍ የሚያትመውም፣ የዘፈን ሽፋን የሚያሰናዳውም እንዲሁ። አንዱም አማርኛን ጠልቶ አይደለም። ሜኑው ላይ ስላልነበረ ነው። ፊደል ሰው ከሚያምርበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ነው ቀስ በቀስ የሚቀረው።

ደግሞ ይሄኛው ክፍተት ትልቅ ገንዘብ ወይም ትልቅ ተቋም የሚጠብቅ አይደለም። 231 ትንንሽ ሥዕል ነው። በቀን 5 ፊደል የሚስል ሰው በ47 ቀን ይጨርሰዋል። ጠቅላላ ክብደቱ ከአንድ ስቲከር ያነሰ ነው።

ደብተር ላይ መሣል የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ላኩለት። ከስሙ ይጀምር።